እሳቱ የበላቸው ወታደሮችስ? ለድሬዳዋና ለሐረር የክርስቲያን አባቶችና መጋቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በድሬዳዋና በሐረር ለምታገለግሉ ካህናት፣ መጋቢዎች፣ ወንጌላውያንና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን።

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በድሬ አንቱታ ብዙ አይወደድም። ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም «አንተ» ብለን ነው የምንጠራው፣ ያውም በፍቅር። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ጠንከር ያለ ቃል ቢያመልጠኝ ንቀት አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ፤ የከተማዬ አመል ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ 12ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ከፊሎቹ ዩኒፎርም ይለብሳሉ። መከላከያ የሚገባ አለ፣ ፖሊስ የሚሆን አለ። ከመሄዳቸው በፊት ሊሰናበቱኝ ከሚመጡት አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል። «ቲቸር፣ አዛዡ ግደል ካለኝ ኃጢአቱ የማን ነው? የእኔ ነው የእሱ?»

ይህ የታሪክ ጥያቄ አይደለም፤ የእናንተ ነው። «ንስሐ አባትህን ጠይቅ»፣ «ፓስተርህን አናግር» እያልኩ እልካቸዋለሁ። አብዛኞቹ አንድ ጥቅስ ብቻ ይዘው ይመለሳሉ፤ ሮሜ 13። «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ።» በቃ። ልጁ ነፍሱን ይዞ መጥቶ መመሪያ ተሰጥቶት ይሄዳል።

ጥቅሱን አልክድም። መንግሥት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ እኛም አይተናል። መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው በማንነቱ ከመኪና ሲወርድ «ኧረ የመንግሥት ያለህ!» ብለን የጮኽን ሰዎች ነን። ወንጀለኛን የሚያስቆም ኃይል ያስፈልገናል፤ ጳውሎስም «ሰይፍ በከንቱ አይታጠቅም» ያለው ለዚህ ነው። ግን ጥቅሱን ከሥሩ ነቅላችሁ ነው የምትሰጧቸው። ጳውሎስ ደብዳቤውን በምዕራፍ ከፋፍሎ አልጻፈም። የምዕራፍ ቁጥር የገባው ከ1000 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስቲ 13ን ከ12 ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። በክፉ ፈንታ ክፉ አትመልሱ፣ ራሳችሁ አትበቀሉ፣ ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ «ክፉውን በመልካም አሸንፍ» ይላል። ከዚያ ሳያርፍ ስለ ባለ ሥልጣን ይናገራል። እሱንም ሳይጨርስ ተመልሶ ፍቅር ለባልንጀራው ክፉ አያደርግም ይላል። ለመንግሥት መገዛት ከፊትም ከኋላም በዚህ ታጥሯል። አጥሩን አፍርሶ መሀሉን ብቻ ማስተማር ለማን ይጠቅማል?

ጸሐፊው ራሱስ እንዴት ኖረ? ደማስቆ ላይ የንጉሥ ሹም ሊይዘው ከተማውን ሲያስጠብቅ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ መስኮት አምልጧል። ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ታስሯል፤ ሲፈቱት ተመልሶ ሰበከ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት አንገቱ የተቀላው ሮም ውስጥ፣ በኔሮን ዘመን ነው። ባለ ሥልጣን ያዘዘው ሁሉ ይፈጸም ማለቱ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ወንጌሉን ራሱ ባቆመ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ።

ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ድሬዳዋ አልጋ አይገኝም። ከአዲስ አበባም ከጅቡቲም ሰው ይጎርፋል። መኪና ያለው በመኪናው፣ የተሳለው በእግሩ ወደ ቁልቢ ዳገቱን ይያያዘዋል። ራስ መኰንን ያሠሩት ያ ቤተ ክርስቲያን ግቢው አይበቃም፣ ሜዳው አይበቃም። በዓሉ የምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ናቡከደነፆር ለወርቅ ምስሉ ስገዱ ብሎ አዘዘ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እንቢ አሉ። እቶን ውስጥ ተጣሉ፣ መልአኩም አዳናቸው። ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ ደግሞ ይደንቀኛል። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ «ባያድነን» እንኳ አንሰግድም ነው ያሉት። ተአምሩን ተማምነው አልነበረም እንቢ ያሉት።

ሐምሌ 19ም ያው ነው። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ የገዥውን ትእዛዝ አልቀበል ብለው የፈላ ውኃ ውስጥ ተጣሉ። እንግዲህ የምሥራቁ አገራችን ትልቁ የክርስቲያን ክብረ በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከበረው «ከላይ የመጣ ነው» የተባለውን ትእዛዝ ስላልፈጸሙ ሰዎች ነው። አውደ ምሕረቱ ላይ ግን እንቢታው ይጠፋና መልአኩ ብቻ ይቀራል። ስለ ስለት፣ ስለ ተገኘ ልጅ፣ ስለ ተፈወሰ በሽተኛ እንሰማለን። ስለቱን አልቃወምም፤ እኔን ራሴን እናቴ ያገኘችኝ ተስላ ነው ትላለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያው ምዕራፍ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ዳንኤል 3፥22። ሦስቱን ልጆች አስረው የጣሏቸው ከሠራዊቱ የተመረጡ ኃያላን ነበሩ። እቶኑ ሰባት እጥፍ እንዲነድ ተደርጓል። የንጉሡ ትእዛዝ አስቸኳይ ነበር። የእሳቱ ወላፈን ሦስቱን ያነሷቸውን እነዚያን ሰዎች ገደላቸው።

መልአኩ የወረደው እሳቱ ውስጥ ነው። እሳቱ አፍ ላይ ቆመው ትእዛዝ ወደ ፈጸሙት አልወረደም። ስማቸው አልተጻፈም። ስንት እንደነበሩ አይታወቅም። ናቡከደነፆርም አላለቀሰላቸውም፤ ቀጥሎ ሲናገር የምናገኘው በእሳቱ ውስጥ ስላየው አራተኛ ሰው ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚታዩኝ የ12ኛ ክፍል ልጆቼ ናቸው። ከእነሱ መካከል ስለ እምነቱ እሳት ውስጥ የሚጣል ምናልባት አንድ ሁለት ነው። «ያዝ! እሰር! ጣል!» የሚባለው ግን ብዙ ነው። ለተጣሉት ሦስቱ ስንት መዝሙር፣ ስንት ስብከት አለን። ለጣዮቹ ምን አለን?

መጽሐፉ እኮ አላቸው። 1ኛ ሳሙኤል 22ን ተመልከቱ። ሳኦል የኖብን ካህናት ግደሉ ብሎ ዘቦቹን አዘዘ። ንጉሡ የተቀባ ነው፤ ሥልጣኑ ከእግዚአብሔር ነው። ትእዛዙም ግልጽ ነው። ዘቦቹ ግን እጃቸውን አላነሱም። አልሸፈቱም፣ ንጉሡን አልገደሉም፣ እዚያው ቆመው እንቢ አሉ። ከዚያ ዶይቅ የሚባል አንድ ታዛዥ ሰው ተገኘና 85 ካህናት ፈጀ። የዶይቅን ታዛዥነት እስከ ዛሬ ያመሰገነ ሰባኪ አልሰማሁም። የእነዚያን ዘቦች እንቢታ ያመሰገነም አልሰማሁም።

መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድም ወታደሮች መጥተው «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው ጠይቀውታል። የእኔ ተማሪዎች ጥያቄ ነው። ዮሐንስ መሣሪያችሁን ጣሉ አላላቸውም። ዝም ብላችሁ ታዘዙም አላላቸውም። በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ለወታደር ወሰን ሰጠው። እኔ ከእናንተ የምለምነውም ይህንኑ ነው፤ የትእዛዝ ወሰኑ የት እንደሆነ ለልጆቹ ንገሯቸው።

ጉዳዩ ቀላል ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ክርስቲያኖች በዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ አልተስማሙም። የሐዋርያት ትውፊት የሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት ወታደር ሰው እንዳይገድል፣ ቢታዘዝም ትእዛዙን እንዳይፈጽም ያዝዛል። በሰሜን አፍሪካ መክሲሚልያኖስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ክርስቲያን ነኝና ወታደር አልሆንም በማለቱ በ295 እ.ኤ.አ. ተሰይፏል። በኋላ ነገሥታቱ ሲጠመቁ ሐሳቡም ተለወጠ። አውግስጢኖስ ጦርነት በሕጋዊ ሥልጣን፣ በትክክለኛ ምክንያት፣ ሰላምን ለመመለስ ሲሆን ሊፈቀድ ይችላል አለ። ከ1000 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1527 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሽላይትሃይም የተሰበሰቡ ዳግም አጥማቂዎች (አናባፕቲስቶች) ደግሞ ሰይፍ ለመንግሥት የተሰጠ ነው፣ ለክርስቶስ ተከታይ ግን አይደለም ብለው ወሰኑ። ሜኖናይቶች የእነሱ ልጆች ናቸው። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። ሜኖናይቶቹ እዚሁ ሐረርጌ፣ ደደርና በደኖ ድረስ መጥተው ሠርተዋል፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የበቀለችው ከእነሱ ሥራ ነው። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋት መሪዎቿ ታሰሩ እንጂ ነፍጥ አላነሱም።

እኔ ሜኖናይት አይደለሁም። ለመሆንም ይከብደኛል። ነሐሴ 1969 ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ድሬዳዋ በር ላይ ነበር። እናቴ የዚያን ሰሞን ነገር ስታወራ እስከ ዛሬ ድምፅዋ ይለወጣል። ያን ጊዜ ከተማዋን የጠበቁትን ወታደሮች «በደላችሁ» የምልበት አፍ የለኝም። ቤቴ የቆመው እነሱ ስለቆሙ ነው። ግን ይህችው እናቴ ሌላም ታሪክ ትነግረኛለች። በዚያው ሰሞን ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ከቤት መውጣት ፈርተው ነበር፤ ዳቦ ገዝታ በጓሮ የምታቀብላቸው እሷ ነበረች። አገር መከላከል ሌላ፣ ጎረቤትን ጠላት ማድረግ ሌላ። የወንጌል አስተማሪ ሥራ ይህን መለየት ይመስለኛል።

ሐረር ላይም ቆመን ስለ ጦርነት ስንናገር ጨለንቆን ዘለን ማለፍ አንችልም። በ1879 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ጦር እዚያ ድል አድርጎ ሐረር ገባ። ለእኛ የአገር አንድነት ታሪክ ሆኖ ተነግሮናል። ለጀጎል ሰዎች የሐዘን ታሪክ ነው። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ ይኖራሉ፤ ሠርግና ለቅሶም ይጠራራሉ። ሐረር ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት ያገኘችው ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ሁልጊዜ ከእኛ ጦር ጋር ነው» ብሎ የሚሰብክ ሰው፣ ማን እየሰማው እንደሆነ ቢያስብ ደግ ነው።

አሁን ደግሞ ስለሚመለሱት።

ብዙ የሚያማችሁ እዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እኔን በጣም ያመኛልና። ሄደው የተመለሱ አሉ። አንዱ ሌሊት አይተኛም። አንዱ ከጠዋት እስከ ማታ ጫት ላይ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ይመጣና አይገባም። «ጀግና ነህ» ይሉታል፣ ያጨበጭቡለታል። እሱ የሚፈልገው ጭብጨባ አይደለም። እጁ ላይ ያለውን ነገር የሚያወራርድበት ቦታ ነው የሚፈልገው።

ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ገብቶት ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ቀኖና፣ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ ጋር አልቆጠሩትም ይላል። ይህን ካለ በኋላ ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመት ከቁርባን ቢቆዩ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። አልኮነናቸውም፤ ምንም እንዳልሆነም አልነገራቸውም። ቁስሉን ቁስል ብሎ ጠርቶ መድኃኒቱን ከነጊዜው ነገራቸው። በ10ኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሥ ኒቅፎሮስ ፎቃስ በጦርነት የሞቱ ወታደሮቼ ሰማዕታት ይባሉልኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ ፓትርያርኩ ፖሊዩክቶስ ይህንኑ የባስልዮስ ቀኖና ጠቅሰው እንቢ አሉት። ንጉሡ ክርስቲያን ነው፤ ጦሩ አገር የሚጠብቅ ጦር ነው። ግን የመሠዊያው ሥልጣን የቤተ መንግሥት አይደለም አሉ። እኛ ዘንድ ግን አንዳንዴ ጳጳሱም ፓስተሩም ከካድሬው ቀድሞ ሰማዕት ሲያውጅ እሰማለሁ።

የሚላኑን ጳጳስ ታላቁ አምብሮስዮስንም አስታውሱ። በ390 እ.ኤ.አ. የሮሙ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ሕዝብ አስጨፈጨፈ። አምብሮስዮስ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ቁርባን ከለከለው። ለንጉሡ የጻፈለት ደብዳቤ ስድብ የለበትም፤ ይወደዋል፣ ያከብረዋል፣ ግን አይፈራውም። ንጉሡም ገባው። ክርስትና ለባለ ሥልጣን የምታደርገው ትልቁ ውለታ ይህ ይመስለኛል።

የራሳችንም አሉ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ሲሞቱ፣ ለጣሊያን ተገዙ ብለው እንዲሰብኩ የቀረበላቸውን እንቢ ብለው ነው። ሮሜ 13ን ዛሬ እንደምትሰብኩት ቢያነቡት ኖሮ መገዛት ነበረባቸው፤ ከተማዋን የያዘው ባለ ሥልጣን ግራዚያኒ ነበርና። አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የእኛው የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ። ደርግን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፣ ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ አልወጡም። ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት በአንድ ክረምት። ሐረርጌ ውስጥ ስንት ወጣት ነው አቡነ ቴዎፍሎስ የእኛ አባት እንደነበሩ የሚያውቀው?

በቅርቡም በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቅዱስ ሲኖዶስ ለትግራይ ሕዝብ ይቅርታ ጠይቋል። ከባድ ነገር ነው፤ አከብረዋለሁ። ይቅርታው ሲዘገይ ግን መቃብሩ ይቀድማል።

ሕጉ እንኳ ከስብከታችን ቀድሞ ሄዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ተጠያቂ ነው ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን መሰወርን፣ ኢሰብአዊ ድብደባን በይርጋ አይታገድም ብሎ አስቀምጧል። በቀይ ሽብር ችሎቶች «ታዝዤ ነው» ያለው ብዙ ነበር፤ አላዳነውም። ዳኛው ፊት የማይሠራ ሰበብ እግዚአብሔር ፊት ይሠራል ብላችሁ ልጆቹን አትሸኟቸው።

ስለዚህ ልመናዬን ልናገር። ታኅሣሥ 19 በቁልቢ አውደ ምሕረት ላይ ከመልአኩ ጋር እንቢታውንም ስበኩልን፤ ያቺን ቁጥር 22 አንብቡልን። ጴንጤውም ካቶሊኩም በየመድረኩ ሮሜ 13ን ሲያነብ ከ12 ይጀምር። ወጣት ሊመለመል ሲሄድ ጸሎትና ምስል ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኙት። አንድ ምሽት አስቀምጡትና ያልታጠቀ ሰው፣ የተማረከ ሰው፣ የታሰረ ሰው አይገደልም፣ ሴት አትደፈርም በሉት፤ ይህን ያዘዘህ ማንም ይሁን ማን ለእግዚአብሔር ታዘዝ በሉት። ዋጋ እንደሚያስከፍለውም አትደብቁት። በመድረካችሁ ሌላውን ሕዝብ በአውሬና በተባይ ስም የሚጠራ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ማይኩን ንጠቁት፤ መግደል የሚጀመረው እዚያ ነው። ለተመለሱት ደግሞ በር ክፈቱ። ንስሐ አባት ያለው ንስሐ አባቱ ያግኘው፣ ፓስተር ያለው ፓስተሩ ያዳምጠው። ባስልዮስ 3 ዓመት ሰጥቷቸዋል፤ እናንተ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ጊዜ አትከልክሏቸው።

እኔ ጋ የሚመጡት በሰኔ መጨረሻ፣ ፈተና ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ጊዜ አላችሁ። ለእኔ በደብዳቤ መመለስ አያስፈልግም። መልሱን ለእነሱ ስጡልኝ።

በአክብሮት፣
አንዲት የድሬዳዋ የታሪክ መምህርት